«ባዮዲግሬደብል» የተባለ ሳሙና ባዮጋዝ ጉድጓድ ሲገባ

እህቴ፣ «የዱቄት ሳሙናው ማሸጊያ ባዮዲግሬደብል (በተሕዋስያን ተበልቶ የሚጠፋ) ይላል፤ የልብስ ማጠቢያውን ውሃ ወደ ባዮጋዙ ብለቀው ችግር አለው?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔም ማሸጊያውን አምኜ ጉድ ሆኛለሁና ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

በምሠራበት አነስተኛ የተማሪዎች ማደሪያ 10 ሜትር ኩብ ጉድጓድ አለን። እበትና የሽንት ቤት ፍሳሽ በቀን 220 ሊትር ያህል ይገባበታል። የእጥበቱ ውሃ ግቢውን ቢያጨቀየን ቱቦውን ወደዚያው አዞርኩት። በሁለተኛው ሳምንት ወጥ ቤት ያሉት እናቶች «እሳቱ ደከመ» አሉኝ፤ ቆይቶ ሽሮ ማንተክተክም አቃተው። ሳሙናውን ብቻ ሳማ ከረምኩ። ኋላ ውሃውን በባልዲ ብለካው በቀን 600 ሊትር ሆኖ ተገኘ! 45 ቀን ሊብላላ የሚገባው በ12 ቀን እየተገፋ ይወጣ ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ በረኪናው አለ፤ እሱ ጋዝ የሚሠሩትን ተሕዋስያን ይገድላል። ስለዚህ ለጋዙ መድከም ዋናዎቹ ተጠያቂዎች እነዚህ ሁለቱ ይመስሉኛል።

ሳሙናው ግን ሌላ ጣጣ አለው። በዱቄት ሳሙና ውስጥ በብዛት የሚገኘው አረፋ አውጪ ሊኒየር አልኪልቤንዚን ሰልፎኔት፣ ባጭሩ «ላስ»፣ ይባላል። አየር ባለበት ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ቶሎ ይበላዋል፤ ማሸጊያው ላይ ያለው ቃልም የሚመጣው አየር ባለበት ከሚደረግ ፍተሻ ነው። ባክቴሪያው የላስን ሞለኪውል ረጅም ጭራ ከጫፉ መብላት የሚጀምረው ኦክስጅን ይዞ ነውና፣ ታፍኖ በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ላስ ከዝቃጩ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። በአውሮፓ የፍሳሽ ማጣሪያዎች በዚህ መንገድ በተብላላ ዝቃጭ ውስጥ፣ በአንድ ኪሎ ደረቅ ዝቃጭ በግራም የሚቆጠር ላስ ይገኛል። ዴንማርክ እርሻ ላይ ለሚበተን ዝቃጭ የላስን ገደብ በ2000 እ.ኤ.አ. 1300 ሚሊግራም በኪሎ ያደረገችው ለዚህ ነው። ቆሻሻ መጣያ ውስጥም ጥልቁ ንብርብር አየር ስለሌለው ነገሩ ያው ነው።

ሁሉም ግን አንድ አይደለም። ከስብ የሚሠራው ደረቅ ሳሙና ያለ አየርም ተበልቶ ጋዝ ይሆናል፤ ሲበዛ ግን የስቡ አሲድ ተሕዋስያኑን ያፍናል። ከሁሉ የከፋው ኖኒልፌኖል ኤቶክሲሌት የተባለው ሌላ አረፋ አውጪ ነው፤ ያለ አየር ግማሽ መንገድ ሄዶ ኖኒልፌኖል ላይ ይቆማል፣ እሱም የዓሣን ሆርሞን ያዛባል። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 አጠቃቀሙን የገደበው ያለ ምክንያት አይደለም። (ተፈጥሯዊውን ልጠቀም ካልሽም እንዶድ ራሱ ቀንድ አውጣ ገዳይ ነው፤ ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ ይህን ያስተዋሉት በእንዶድ ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ ዳር ነው።)

እኔ ቱቦውን ወደ ሙዝ ሥር መለስኩት፤ እሳቱ በወር ገደማ አገገመ። በዚያ ጊዜ የወጣውን ዝቃጭ በስሱ ዘርግቼ፣ እያገላበጥኩ አየር እንዲያገኘው ጥቂት ሳምንታት አቆየሁት፤ አየር በሚገባበት አፈር ላስ በአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በግማሽ ይቀንሳል።

ያንቺ ጉድጓድ ስንት ሜትር ኩብ ነው? የእጥበቱስ ውሃ በቀን ስንት ባልዲ ይሆናል? በረኪና ትጠቀማላችሁ?