ከከተማ ዳር የሚዘጋጅ የቻምበር ሙዚቃ ፌስቲቫል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከኮተቤና ከሰበታ የደረሱን ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ዳርቻ የቻምበር ሙዚቃ ፌስቲቫል ቢዘጋጅ ምን መልክ ሊኖረው ይገባል የሚል ነው። ቻምበር ሙዚቃ ስንል ጥቂት ተጫዋቾች ያለ መሪ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ይዘው፣ እርስ በርስ እየተደማመጡ የሚጫወቱትን ማለታችን ነው።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ጥሩ ሙዚቀኞች ከመሀል ከተማ መጥተው አንድ ምሽት ቢጫወቱልን አይበቃም?

መልስ፦ ለኮንሰርት ይበቃል፤ ለፌስቲቫል ግን አይበቃም። የአንድን አካባቢ ፌስቲቫል ልዩ የሚያደርገው ሙዚቀኞቹ እዚያው ሰንብተው፣ አብረው በልተውና አብረው ተለማምደው ሥራውን ከቦታው ጋር ማዋሐዳቸው እንደሆነ አጥብቄ አምናለሁ። ፒያኒስቱ ሩዶልፍ ሰርኪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት በመሠረቱት የማርልቦሮ ፌስቲቫል፣ አንጋፋዎችና ወጣቶች ለሳምንታት ጎን ለጎን ይለማመዳሉ፤ ካጠኗቸው ድርሰቶች ለአድማጭ የሚቀርበውም ከፊሉ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ፌስቲቫል የሚካሄድባት የፊንላንዷ ኩህሞ ደግሞ ከሩሲያ ድንበር አጠገብ የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ ዛሬም ዐሥር ሺህ የማይሞሉ ከተማ ናት። ሁለቱም ከትልልቅ ከተሞች የራቁ ናቸው፤ ርቀቱ ሙዚቀኛውን ከሌላ ሥራና ከሌላ ቀጠሮ ስለሚለየው ጠቅሟቸዋል እንጂ አልጎዳቸውም። ጠዋት አስተምሮ ማታ በሆቴል የሚጫወት የአዲስ አበባ ቫዮሊኒስት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ኳርቴት (ለአራት ተጫዋቾች የተጻፈ ድርሰት) በእርጋታ የሚያጠናበት ሳምንት ቢያገኝ፣ ውጤቱን የለገጣፎ አድማጭ ያለ አስረጂ ይሰማዋል። ስለዚህ ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ፣ ዝነኛ ስም ለአንድ ምሽት ከማስመጣት ይልቅ ለሙዚቀኞቹ ማደሪያና ቀለብ ብታውሉት እመርጣለሁ።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ያለን የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የትምህርት ቤት አዳራሽ ብቻ ነው። ድምፅ ማጉያ እንከራይ?

መልስ፦ እባካችሁ አትከራዩ። በጀርመኗ ሃይምባህ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ቻምበር ሙዚቃ የሚቀርበው በውኃ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ነው፤ ለዚህ ሙዚቃ ከዓለም ስመ ጥር አዳራሾች አንዱ የሆነው የለንደኑ ዊግሞር ሆል እንኳ የሚይዘው 550 ያህል ሰው ነው። ትንሽነት ጉድለት አይደለም። አዳራሹ ባዶ ሳለ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ድምፁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተንጫጫ ከቆየ ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ፤ ወዲያው ከሞተ ደግሞ ያለውን መጋረጃ አንሡ። ቼሎ (ቁጭ ተብሎ የሚጫወቱት፣ ከቫዮሊን የሚተልቅ መሣሪያ) መሬት በሚነካው ዘንግ በኩል ንዝረቱን ወደ ወለሉ ስለሚያስተላልፍ፣ በሲሚንቶ ላይ የሚዘረጋ ዝቅ ያለ የእንጨት መድረክ ድምፁን በእጅጉ ያሞቀዋል። ወንበሮቹን በተጫዋቾቹ ዙሪያ ብትደረድሩ፣ የኋለኛው አድማጭ ቀስቱ ክሩን ሲነካ ይሰማል፤ ማጉያው የሚያጠፋው ይህንኑ ነው። መብራት ቢጠፋም ሙዚቃው አይቋረጥም።

ጥያቄ (ከኮተቤ)፦ በገናና መሰንቆ በእንዲህ ያለ ፌስቲቫል ቦታ አላቸው ወይስ ለባህል ዝግጅት ይተዉ?

መልስ፦ ቦታ አላቸው ብቻ ሳይሆን፣ እነርሱ ከሌሉበት የእኛን ፌስቲቫል ከሌላው የሚለየው ምን እንደሆነ አይታየኝም። ዐሥር አውታር ያለው በገና ድምፁ ዝቅተኛና ለስለስ ያለ ነው፤ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራ፣ የሚሰጠው እዝዝታ በሰፊ አዳራሽ ይጠፋል፤ በጠባብ ክፍል ግን ደረት ውስጥ ይገባል። ስመ ጥሩው በገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋ የተወለዱት እዚሁ ከተማችን ዳር በእንጦጦ ነው፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም በገና አስተምረዋል። ሆኖም በገና የጸሎት መሣሪያ እንደመሆኑ፣ በሁለት ፈጣን ድርሰቶች መካከል ማረፊያ አድርጎ ማስገባት አይገባም፤ የራሱ ሰዓትና ጸጥታ ይሰጠው።

መሰንቆ ከቼሎና ከቫዮሊን ጋር አብሮ ሊጫወት ይችላል፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በቅኝቱ ላይ ነው። የአምባሰል ወይም የአንቺሆዬ ድምፆች ከፒያኖ ቁልፎች ጋር ሁልጊዜ ልክ ለልክ አይገጥሙም፤ ፒያኖ ደግሞ በመድረክ ላይ ሊስተካከል አይችልም። ቼሎና ቫዮሊን ግን ድምፃቸውን በጣት ስለሚያበጁ ወደ መሰንቆው መጠጋት ይችላሉ፤ መሰንቆ ተጫዋቹ ወደ እነርሱ እንዲመጣ ብቻ የሚጠየቅበትን ልማድ ብናቆም እወዳለሁ። ይህ መደማመጥ በግማሽ ቀን ልምምድ አይገኝም፤ መሰንበት ያስፈልጋል ያልኩትም ለዚህ ጭምር ነው።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ በየትኛው ወር ይሁን?

መልስ፦ በክረምት አይሁን፤ ዝናብ ቆርቆሮን ሲመታ ኳርቴት አይሰማም። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ፣ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ያለው ጊዜ ይሻላል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለለት ብርድ የተጫዋችን ጣት ያደነዝዛል፣ ደረቁ አየርም የመሣሪያን ቅኝት ያዛባል፤ ስለዚህ ኮንሰርቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቢጀመር ሙቀቱም አለ፣ አድማጩም ታክሲ ሳያጣ ቤቱ ይገባል።

ጥያቄ (ከለገጣፎ፣ ሌላ አንባቢ)፦ በአንድ ድርሰት ክፍሎች መካከል ማጨብጨብ ነውር ነው?

መልስ፦ ዛሬ በብዙ አዳራሾች እስከ መጨረሻው ክፍል ይጠበቃል። የሙዚቃ ደራሲው ሞዛርት ግን እ.ኤ.አ. በ1778 ከፓሪስ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ አድማጮች በሲንፎኒው የመጀመሪያ ክፍል መካከል ሳይቀር ማጨብጨባቸውን በደስታ ገልጿል። ድርሰቱ ስንት ክፍል እንዳለው አስቀድሞ ቢነገር መልካም ነው፤ ያጨበጨበን ሰው ግን ማንም አይቆጣው።