ድራፍቱ «ፈላ» ወይስ «ገነፈለ»? የባሕር ዳር አንባቢ ጥያቄ

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ነው። ርካሽ የድራፍት ዕቃ የተገጠመለት አሮጌ ፍሪጅ ገዝቼ ቤት ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር እንጠቀምበታለን፣ ግን የሚወጣው አረፋ ብቻ ነው። ለፍሪጅ ሰራተኛ ደውዬ ‹ቢራው ይፈላብኛል› ስለው ‹እንግዲያው ተበላሽቷል፣ ድፋው› አለኝ። አሁን ዕቃውን አፕግሬድ ላደርገው ፈልጌ የሚያስፈልገውን ጽፌ ልልክለት ስል ቃላቱ ጠፉኝ። እንዲህ ያለው ዕቃ፣ በእንግሊዝኛ ኬግሬተር የሚሉት፣ በአማርኛ ምን ይባላል? አፕግሬድ ማድረግስ ማሻሻል ነው ማሳደግ? ይፈላብኛል ማለቴስ ስህተት ነው?»

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ከመጨረሻው ልጀምርልህ፣ ችግሩ ያለው እሱ ጋር ነውና። ይፈላብኛል ማለትህ ስህተት አይደለም፣ ግን ፈላ ብዙ ስራ የሚሰራ ቃል ነው። ውሃ እሳት ላይ ይፈላል፣ ጠላና ጠጅ ያለ እሳት ይፈላሉ፣ ጉንዳን ከጉድጓዱ ይፈላል፣ «ችግኝ ማፍያ» የምንለውም ከዚሁ የወጣ ነው። መጠጥ ሲነሳ ደሞ ጆሯችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ጠላው ፈላ ነው፣ ማለትም ገና እየተብላላ ነው ወደሚለው። ፋብሪካ ተጠምቆ፣ ተጣርቶ በርሜል የገባ ቢራ እንደገና መፍላት የለበትም፣ ስለዚህ ሰራተኛው ተበላሽቷል ሲልህ በሰማው ቃል ልክ ነው የመለሰልህ።

ገነፈለ ደሞ ሌላ ነው። ወተት ገነፈለ የምንለው ከድስቱ አፍ አልፎ ሲወጣ ነው፣ ቢራህም ከጃምቦው አፍ አልፎ ጠረጴዛ ላይ ከፈሰሰ ገነፈለ በለው። ሳይፈስ ግማሽ ብርጭቆ አረፋ ከሆነ ግን ገነፈለም አይሆንም፣ በቀጥታ «አረፋ ሆኖ ይቀዳል» ማለት ነው ያለብህ። እዚህ ላይ አንዲት ቃል ብትጨምር ሰራተኛው ሳይመጣ ግማሹን ስራ ይጨርሳል፦ መቼ። «የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ አረፋ ይሆናል፣ ሁለተኛው ደህና ነው» እና «ሁሉም ብርጭቆ አረፋ ነው» ፍጹም የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ያለው ከፍሪጁ በላይ የቆመው አንገት ላይ ነው (እኔ አንገት ነው የምለው፣ የጋን አንገት እንደምንለው፣ ታወር የሚሉም አሉ)። በርሜሉ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀዘቅዝም አንገቱ ውጪ ነው ያለው፣ የግንቦትን የባሕር ዳር ሙቀት ደሞ አንተው ታውቀዋለህ፣ አንገቱ ውስጥ ቆሞ የቆየው ቢራ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ጋዙን መያዝ ያቅተውና አረፋ ሆኖ ይወጣል። መፍትሄው ከፍሪጁ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር በቀጭን ቱቦ ወደ አንገቱ የምትገፋ ትንሽ የኮምፒውተር ፋን ናት። ርካሽ ነው፣ ግን ለውጡ ወዲያው ይታያል፣ በኔ እምነት ከሁሉም በፊት እሷን አስገጥም።

ሁሉም ብርጭቆ አረፋ ከሆነ ደሞ መጀመሪያ ቢራው ራሱ በደንብ መቀዝቀዙን አረጋግጥ፣ ወደ 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው የሚፈለገው፣ መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት ደሞ መጠበቅ ነው እንጂ የግፊት ማስተካከያውን አትነካካ። ከዛ ቢራውን ከበርሜሉ ወደ መቅጃው የሚወስደው ቱቦ ይታያል። ርካሽ ዕቃዎች ላይ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚመጣው ቱቦ አጭር ነው፣ 1.5 ሜትር ገደማ፣ የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ለሆነ ቱቦ ግን ወደ 3 ሜትር ቢሆን ይሻላል፣ ለምን መሰለህ፣ ቢራው ረጅምና ቀጭን መንገድ ሲሄድ ግፊቱ ቀስ እያለ ይበርድና መቅጃው ጋር ሲደርስ ረጋ ብሎ ይወጣል፣ መንገዱ ካጠረ ግን ተወርውሮ ነው የሚወጣው። ገበያ ስትሄድ የቃል ጥንቃቄ ያስፈልግሃል። «ጎማ» ብትል የአትክልት ማጠጫውን ቆርጠው ይሰጡሃል፣ እሱ ሽታው ቢራው ላይ ይቀራል። «ቱቦ» ብቻ ብትል ደሞ የፍሳሹም ቱቦ ነው። «ለመጠጥ የሚሆን ቀጭን ላስቲክ ቱቦ፣ የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ» በል፣ ረጅም ቢሆንም ማንም አይሳሳትበትም።

አሁን ወደ ጋዝ፣ እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማስረዳት እፈልጋለሁ ምክንያቱም በአማርኛችን በጣም የተጣበበው ቃል ይሄ ነው። የምግብ ማብሰያው ጋዝ ነው፣ ላምባውም ነጭ ጋዝ ነው፣ ቢራውን ከበርሜሉ ገፍቶ የሚያወጣው፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውም ጋዝ ነው፣ ቢራው ውስጥ የሟሟውም ጋዝ ነው። ታዲያ «ጋዝ የለውም» ስትል ሲሊንደሩ ባዶ ነው ማለትህ ነው ወይስ ቢራው ምላስ ላይ አልቆነጥጥ አለ ማለትህ? ለሲሊንደሩ «አልቋል»፣ ለቢራው «ጋዙ ወጥቷል» ብለህ ብትለያቸው ሰው ይግባባል። ሲሊንደር ልታስሞላ ስትልክ ደሞ ጋዝ ብቻ ብለህ እንዳትልክ፣ «ሲኦቱ» ወይም «ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ለመጠጥ የሚሆን» በል፣ ይሄ የቋንቋ ብቻ ሳይሆን የደህንነት ጉዳይ ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ካመለጠ ያፍናል፣ ስለዚህ መስኮት ያለበት ቦታ አስቀምጠው፣ ሲሊንደሩም ቆሞ የታሰረ ይሁን። ፈሳሽ ሲሆን «ያፈሳል» ወይ «ያንጠባጥባል» በል፣ ጋዝ ሲሆን «ያስተነፍሳል» በል፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ቀብተህ ኩፍ ኩፍ ካለ እዛ ጋር ያስተነፍሳል ማለት ነው።

«ጋዙን ቀንስልኝ» የሚለውም ያሳስታል። አረፋ ሲበዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያዘው ይሄንኑ ነው፣ ግን ግፊቱ ከሚገባው በታች ሲወርድ ቢራው ውስጥ የሟሟው ጋዝ ገና ቱቦው ላይ መለየት ይጀምርና አረፋው ጭራሽ ይብሳል፣ ሰውየው ደሞ አሁንም ይቀንሳል፣ በዛው ቢራው ጋዙ ወጥቶ ይቀራል። ስለዚህ ቀንስ ጨምር ከማለት ቁጥሩን ጻፍ፦ «ግፊቱን እዚህ ቁጥር ላይ አድርግልኝ»። ግፊት የሚለውን ቃል ከደም ግፊት ሁሉም ያውቀዋል፣ ፕሬዠር ብትልም ገብቶት ይሰራል።

ቁጥሩ ራሱ ግን ባሕር ዳር ላይ ይለወጣል። ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ለተለመደ ቢራ በ3 ዲግሪ ቅዝቃዜ ከ10 እስከ 12 ፒኤስአይ (ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) ይላሉ፣ ያ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፣ እዚህ አየሩ የሚጫነው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው፣ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ደሞ የሚያነበው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ቢራው ውስጥ ምን ያህል ጋዝ እንደሚሟሟ የሚወስነው ግን አየሩም ጌጁም ተደምረው ነው። ስለዚህ ወደ 3 ፒኤስአይ ትጨምራለህ፣ ከ13 እስከ 15 መሆኑ ነው። ጌጁ የሚያሳየውን «ትርፍ ግፊት»፣ ድምሩን «ጠቅላላ ግፊት» ብንለው ነገሩ ራሱን ያስረዳል፣ ትርፍ ከምኑ ላይ ትርፍ እንደሆነ ያስጠይቃልና፣ ለኔ ከቁጥሩ እኩል የሚጠቅመው ይሄ ጥያቄ ነው።

ኬግሬተር ላልከው፣ ቃሉ እንግሊዝኛ ላይ በርሜልና ፍሪጅ ተቆራርጠው የተጣበቁበት ነው፣ በፊደላችን ስንጽፈው ግን ለሰሚው ምንም አይነግረውም። «ድራፍት ማሽን» እንዳትለው፣ ጣና ዳር ያሉ ቤቶች ባንኮኒ ላይ የምታየው ማሽን ብዙ ጊዜ ቢራውን የሚያቀዘቅዘው እያለፈ እያለ ነው፣ በርሜሉ ውጪ ሊቆም ይችላል፣ ያንተ ግን በርሜሉን ራሱን ነው የሚያቀዘቅዘው፣ የሚሰራው ሰውም ሌላ ነው። «የድራፍት ፍሪጅ» በቂ ነው፣ ጥሩም ነው። ለሚከፈተው ለሚዘጋው ክፍል ደሞ «መቅጃ» በል፣ ቧንቧ ካልከው የውሃው ነው የሚታሰበው። ቀዳ ድንቅ ቃል ነው እኮ፣ ከምንጭ መቅዳትም ወደ ብርጭቆ መቅዳትም አንድ ላይ ይዟል፣ ድራፍት የሚለውም መነሻው መሳብ፣ ማውጣት ነው፣ ስለዚህ ከኛው ቀዳ ጋር ዝምድና የሚመስል ነገር አላቸው። መቅጃውን ስታስቀይር ክሮም ቅቡን ትተህ ስቴንለሱን ያዝ፣ ቅቡ ሲላጥ ከስሩ ያለው ናስ ቢራው ላይ ጣዕም ያመጣል።

አፕግሬድን በተመለከተ፣ ማሳደግ አይሆንም፣ ዕቃ አያድግም፣ ደረጃ ነው የሚያድገው። የተሰበረ ይጠገናል፣ ያረጀ ይታደሳል፣ የሚሰራ ሆኖ የተሻለ እንዲሰራ የሚደረገው ይሻሻላል፣ ያንተ ይሄ ሶስተኛው ነው። ተሻሻለ ውስጥ ያለውን የፊደል ድግግሞሽ ልብ በል፣ ቀያየረ ነካካ ላይ እንዳለው ነው፣ ቀስ በቀስ፣ በየክፍሉ የሚል ስሜት አለው፣ አንተም የምታደርገው ፋኑን፣ ቱቦውን፣ መቅጃውን በየተራ ነው። ለሰራተኛው «አሻሽልልኝ» ብቻ ብለህ ግን አትላክ፣ ምኑን እንደሆነ ጻፍለት።

እጥበት ላይም ሶስት ቃል አለን፣ ማለቅለቅ፣ ማጠብ፣ ማጽዳት። ቱቦውን ውሃ አሳልፈህበት «አጠብኩት» ካልክ አለቅልቀኸዋል እንጂ አላጠብከውም። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ አሽተው፣ በወይራ ጭስ አጥነው ነው ጠላ የሚጠነስሱት፣ ውሃ ብቻ አይበቃቸውም። ለቱቦው ደሞ ለቢራ መስመር የተሰራ ማጽጃ በየ2 ሳምንቱ ለ15 ደቂቃ ያህል ታዞርበትና ከዛ በንጹህ ውሃ ታለቀልቃለህ፣ ጓንት አድርግ ምክንያቱም ማጽጃው ቆዳ ያቃጥላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጥያቄህ ላይ ባይኖርም ብዙ ሰው ሲለው እሰማለሁ፦ «ቤት ድራፍት እጠምቃለሁ»። በርሜሉን ከፋብሪካ አምጥተህ ከሆነ አልጠመቅክም፣ ጠማቂው ፋብሪካው ነው፣ አንተ በርሜል ገጥመህ ትቀዳለህ። ለሰራተኛው እንዲህ ብለህ ላክለት፦ «የድራፍት ፍሪጅ አለኝ። ሁሉም ብርጭቆ አረፋ ሆኖ ይቀዳል፣ ቢራው አልተበላሸም። ለመጠጥ የሚሆን 5 ሚሊ ቱቦ 3 ሜትር፣ ለአንገቱ ትንሽ ፋን፣ ስቴንለስ መቅጃ ይዘህ ና፣ ግፊቱንም 14 ፒኤስአይ ላይ ታደርግልኛለህ»። የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ ከሆነ አረፋ የሚሆነው «ሁሉም» የሚለውን ቀይረህ ላክለት።