«ወላጅ አምጣ» ሳይባል ሂዱ

መስከረም ሲጠባ የሚመጡልን ደብዳቤዎች መልካቸው ይቀየራል። የትዳርና የቤት ኪራይ ጥያቄ ጋብ ይልና ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ መዋጮ፣ አስተማሪ ይተካል። ለዚህ እትም አምስቱን መርጫለሁ። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፣ የሚጠይቁት ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እኔ ምን አገባኝ? በደንብ ያገባችኋል። እንዴት እንደሆነ ደግሞ እያየን እንሂድ።

ጥያቄ፦ ኮልፌ ነው የምኖረው፣ አትክልት እቸረችራለሁ። ልጄ በመንግሥት ትምህርት ቤት ዘንድሮ 5ኛ ክፍል ገባች። እኔ ከ4ኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ትምህርት ቤቷ የምሄደው ለምዝገባና ካርድ ሲሰጥ ነው፤ አንዴ ደግሞ ተጣልታ «ወላጅ አምጪ» ተብላ ሄጃለሁ። ጎረቤቴ «እየሄድሽ ጠይቂ እንጂ» ትለኛለች። ሄጄስ ምን ልበል? አፍራለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለዚህ «ወላጅ አምጪ» ስለሚባለው ነገር እናውራ። እኛ አገር ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ወይ ልጁ መስኮት ሲሰብር ነው ወይ ገንዘብ ሲፈለግ። ለዚህም ነው ልጆቹ ከሰፈር አንዱን ጎረምሳ በሻይ ብር ደልለው «አጎቴ ነው» እያሉ ይዘው የሚሄዱት (ይህን እያነበበ በሆዱ የሚስቅ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ)። ወላጅና አስተማሪ የሚተዋወቁት በጠብ ቀን ብቻ ከሆነ ሁለቱም ተኮሳትረው ነው የሚገናኙት። ስለዚህ ያንቺ የመጀመሪያ ሥራ ምንም ጥፋት በሌለበት ቀን መሄድ ነው።

የልጅሽ ሆም ሩም ማን እንደሆነች ጠይቂ። በትምህርት መሃል ሳይሆን ክፍለ ጊዜ የሌላትን ሰዓት ጠይቀሽ ሂጂ። ስምሽን ንገሪያት፣ ስልክ ተለዋወጡ። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂ፦ ልጄ ክፍል ውስጥ ትናገራለች ወይስ ዝም ነው የምትለው? የቱ ትምህርት ይከብዳታል? ቤት ውስጥ ምን ባደርግላት ይሻላል? በቃ። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም። ያልገባሽ ነገር ካለ «እስኪ በቀላሉ አስረጂኝ» በያት፤ እንጀራዋ ማስረዳት ነው፣ አትቀየምሽም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ማስጠናት ባትችይም ደብተሯን መክፈት ትችያለሽ። ቀኑን እዪ። የመጨረሻው ጽሑፍ የዛሬ ሳምንት ከሆነ ወይ ልጅቷ ቀርታለች ወይ አስተማሪው አልገባም፤ ሁለቱንም ማወቅ መብትሽ ነው። የቤት ሥራው ታርሟል? ሒሳቡን በተመለከተ ደግሞ አንቺ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ከሩብ ኪሎ ቃሪያ ጋር በአንድ ትንፋሽ ደምረሽ መልስ የምትመልሺ ሰው ነሽ። ክፍልፋይ የሚሉት እሱኑ ነው። ቅዳሜ አጠገብሽ አስቀምጫትና እሷ ታስላልሽ። በሚመጣው ዓመት 6ኛ ክፍል ስትደርስ የሚጠብቃት ፈተና ከትምህርት ቤቷ ውጭ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነው፤ የሚከብዳትን ዘንድሮ ማወቅ ይሻላል።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ፣ ዩኒፎርምና ደብተርም ከከተማው ይሰጣቸዋል። ትልቅ ነገር ነው፤ በባዶ ሆዱ መጥቶ ክፍል ውስጥ የሚያዞረው ልጅ ስንት ነበር። ግን አንዳንዱ ወላጅ «እንግዲህ መንግሥት ተረክቦታል» ብሎ ጭራሽ እግሩን ሰብስቧል። አንቺ ሂጂና ምገባውንም እዪው። የሚያበስሉት እናቶች ናቸው፣ ምናልባትም የምታውቂያት ትኖር ይሆናል፤ ከእነሱ የማይሰማ ወሬ የለም።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከቡታጅራ አካባቢ ነው። በጠቅላላ ስብሰባ የትምህርት ቤታችን የወተመህ አባል ሆኜ ተመረጥኩ። እስካሁን የሠራሁት ሥራ መፈረም ነው። ርዕሰ መምህሩ ቃለ ጉባኤ ያመጣል፣ «እዚህ ጋ ፈርም» ይላል፣ እፈርማለሁ። ሰዉ ደግሞ ያዋጣው ብር የት እንደገባ መንገድ ላይ እያስቆመ እኔን ይጠይቀኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለማያውቁት አንባቢዎች፦ ወተመህ ማለት የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት ቤት አስተዳደር ወደ ታች ወርዶ ሕዝቡ እንዲሳተፍበት ካለ በኋላ እየተጠናከረ የመጣ ኮሚቴ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም ሲመጣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ከአራቱ ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱ ተደርጎ ገባ። ስለዚህ እርስዎ የተመረጡት ለማኅተም አይደለም። ዕቅዱ ላይ መወያየት፣ በጀቱን ማየት፣ ልጆችና መምህራን በሰዓቱ መግባታቸውን መከታተል የእርስዎ ሥራ ነው።

ፊርማውን በተመለከተ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደንብ ያውጡ፦ ያልተገኙበትን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አይፈርሙም። የተገኙበትንም ቢሆን ጮክ ተብሎ ተነቦ ነው የሚፈርሙት። ርዕሰ መምህሩ ቢቸኩል «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ይበሉ። ማንም አይሞትም።

ገንዘቡ ሁለት ዓይነት ነው፣ አይቀላቅሉት። አንዱ ከመንግሥት የሚመጣው የትምህርት ቤት ድጎማ ነው። ይህ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ነው የሚለቀቀው፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «ስንት ተማሪ ብላችሁ ሪፖርት አደረጋችሁ?» መሆን አለበት፣ ከዚያ ክፍሎቹን ዞር ዞር ብለው ይዩ። ሁለተኛው የሕዝቡ መዋጮ ነው። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይቆረጥ፤ ገቢና ወጪው በአንድ ገጽ ተጽፎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ይህን መጠየቅ ርዕሰ መምህሩን ሌባ ማለት አይደለም። እንዲያውም ንጹሕ ሰው ከሆነ ከሐሜት የሚያድነው ይኸው ወረቀት ነው። እምቢ ካለ ግን የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ። ብቻዎን አይሂዱ፣ ከኮሚቴው ሁለት ሦስት ሰው ይዘው ይሂዱ።

አሁን ደግሞ ደፈር ልበልና፣ የእናንተ አካባቢ ሰው መዋጮ የሚያስተምረው የለም። በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ በራሱ ገንዘብ መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው። ይህ ሕዝብ ገንዘቡ ሲሠራ በዓይኑ ካየ ነገም ይሰጣል፣ ካላየ ግን በሩን ይዘጋል። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ድንጋይ ያመጣል፣ አሸዋ ያወርዳል፣ አጥር ያጥራል፤ የእሱም ጉልበት ዋጋው ተገምቶ መዝገብ ላይ ይስፈር። ልጅን በመዋጮ ምክንያት ከሰልፍ ላይ መመለስን ግን በምንም መንገድ አይቀበሉ። መዋጮ በፈቃድ ነው፤ ልጅ ተባሮበት የሚሰበሰብ ከሆነ ክፍያ ይባላል፣ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ደግሞ ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ አዳማ የ8ኛ ክፍል ሆም ሩም ነኝ። 62 ተማሪዎች አሉኝ። የወላጅ ስብሰባ ጠርተን ከእኔ ክፍል አሥር ሰው እንኳ አልመጣም፣ ከመጡትም ግማሹ ታላቅ እህትና ወንድም ናቸው። ወላጅ ግድ የለውም። ውጤት ሲወርድ ግን እኛ ላይ ይጮኻል።

መልስ፦ ቲቸር፣ ብሶትህ ይገባኛል። መስፈርቱ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ እያለ 62 ልጅ መያዝ ቀልድ አይደለም። ጩኸቱም ምክንያት አለው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4። ያን ሰሞን ወላጅ መምህርን፣ መምህር ወላጅን፣ ሁለቱም መንግሥትን ሲረግሙ ከረሙ። እርግማኑ አንድም ልጅ አላሳለፈም።

ግን ልጠይቅህ፤ ስብሰባው መቼ ነበር? ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሆነ የቀን ሠራተኛው የዕለት ገቢውን ትቶ አይመጣም፣ ባጃጅ የሚነዳውም እንዲሁ። የመጣውስ ምን አገኘ? እኔ የማውቀው የወላጅ ስብሰባ የክብር እንግዳ ተጠብቆ፣ ሪፖርት ተነቦ፣ ማይክ ተበላሽቶ፣ መጨረሻ ላይ «ጊዜ ስላጠረን ሁለት ጥያቄ ብቻ» ተብሎ የሚያልቅ ነው። የልጁን ስም የሚያነሳለት የለም።

እሑድ ከሰዓት አድርጉት። አዳራሹን ተዉትና እያንዳንዱ ወላጅ የልጁ ክፍል ገብቶ የልጁ ዴስክ ላይ ይቀመጥ፣ ደብተሩ ፊቱ ይሁን። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይነገር። ከአንድ ሰዓት አይለፍ። ለመጥራት ደግሞ እድርን ተጠቀም! ሰው ከእድር ስብሰባ የማይቀረው ቀሪ ስለሚቀጣ ነው፣ እውነቱን እንናገር። የእድሩን ዳኛ ሄደህ አሥር ደቂቃ ለምን፤ እዚያ የምታገኘውን ወላጅ በወረቀት ጥሪ በዓመትም አታገኘውም። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድም እንዲሁ።

ታላቅ እህት ስትመጣ ፊት አትንሳት። ስንቱ ቤት እናት ዓረብ አገር ሆና ልጅ የምታሳድገው እሷ ናት። ቴሌግራም ግሩፕ ብትከፍት ጥሩ ነው፣ የልጅ ውጤት ግን እዚያ ላይ አትለጥፍ። በተረፈ በሳምንት ለሁለት ሦስት ወላጅ ደውልና መልካም ነገር ብቻ ተናገር፦ «ልጅዎ ዛሬ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ።» ስልኩን መጀመሪያ በድንጋጤ ነው የሚያነሱት፣ ከዚያ በኋላ ግን ስትጠራቸው ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት፣ ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ። ልጄ 7ኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ከአስተማሪዎቹ ጋር ስንገናኝ የሚያስተረጉምልኝ እሱ ነው። ሁልጊዜ «ጎበዝ ነው አሉ» ይለኛል። በቅርቡ ሁለት ትምህርት እንደወደቀ ከጓደኛው እናት ሰማሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ተከሳሹ ራሱ አስተርጓሚ የሆነበት ችሎት እንዴት ይፈረድበታል? ልጅሽ ሞኝ አይደለም፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ ነበር የማስተረጉመው።

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለበት። መሠረቱ የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። አስተርጓሚው በነፃ ነው፣ ልጁም አስተርጓሚ መሆን የለበትም። አንቺ ያለሽበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ደግሞ አማርኛን ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርገውታል። ቀጠሮው ጥቂት ቀን ሲቀረው ቢሮ ደውለሽ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ማለት ይበቃል። ማታ ስለምትሠሪ በስልክ ይሁንልኝ ማለትም ትችያለሽ። ውጤቱን ፓረንትቪው ላይ (ወላጅ የልጁን ውጤት በኢንተርኔት የሚያይበት ነው) ራስሽ እዪ፤ በራስሽ አካውንት እንጂ በእሱ ስልክ አይደለም። ምንም ወረቀት ቢሰጡሽ፣ በተለይ ስለ ልዩ ድጋፍ የሚያወራ ከሆነ፣ ሳይተረጎምልሽ አትፈርሚ።

እኛ አስተማሪን መጠየቅ መዳፈር ይመስለናል። እዚያ ግን ዝም ያለ ወላጅ ግድ የሌለው መስሎ ነው የሚታየው። ልጁን ደግሞ ዛሬውኑ አትቆጪው፤ መጀመሪያ በአስተርጓሚ ከአስተማሪዎቹ ጋር ተነጋገሪ፣ ምን እንደከበደው እወቂ፣ ከዚያ ቁጪ በዪና አውሩ።

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የምኖረው፣ ጡረተኛ አናጢ ነኝ። ልጆቼ አድገው ሄደዋል። ደጃፌ ላይ ያለው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተሰባበረ ዴስክ ተከምሮ ዝናብ ይመታዋል። ልጠግነው ብዬ ብሄድ ጥበቃው አላስገባም አለኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥዎት። ጥበቃው ግን ሥራውን ነው የሠራው፣ አይቀየሙት። ዴስኩ የተመዘገበ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ በቃል አይሆንም። አጭር ማመልከቻ ለርዕሰ መምህሩ ይጻፉ፣ የወተመህ ሰብሳቢውንም አብረው ይያዙ። ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ በጀመረው ንቅናቄ ሰው በገንዘብም፣ በዕቃም፣ በጉልበትም ትምህርት ቤት እንዲያግዝ እየተጠየቀ ነውና ደብዳቤዎ ላይ ይህን ቢጠቅሱት አይጎዳም። ሥራውን ተማሪ በሌለበት ቅዳሜ ይጀምሩት፣ ስንት ዴስክ ተረክበው ስንት እንደመለሱ ደግሞ ይፈራረሙ። ሚስማሩንና ሙጫውን ማን እንደሚገዛም አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ኩርፊያ የሚጀመረው ከዚያ ነው።