ነፍሰ ጡር እናትና ሕፃን በዓቢይ ጾም፦ ከድሬዳዋ ለተላከ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ስሆን የሁለት ዓመት ወንድ ልጅም አለኝ። ጤና ጣቢያ ስመረመር ደምሽ አንሷል ተባልሁ፤ በየቀኑ የምውጠው የአይረን ኪኒን ተሰጠኝ፤ እኔም ልጄም እንቁላልና ወተት እንድናገኝ ተመከርሁ። አማቴ ግን ሁዳዴ ሳይወጣ እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን አይበላም፣ ዕቃውም ይፈሰካል ይላሉ። ኪኒኑስ ጾም ያስገድፋል? እግዚአብሔርን እንዳላሳዝን ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ የአምላካችን ቸርነት አይለይሽ። አስቀድሜ ልብሽን ላሳርፈው። መድኃኒት ምግብ አይደለምና ኪኒኑ ጾም አያስገድፍም። የሁለት ዓመት ልጅሽ ጾም የለበትም። ነፍሰ ጡርን፣ የምታጠባን እናትና ሕመምተኛን ቤተ ክርስቲያናችን ከአቅማቸው በላይ አታስጨንቅም። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ በእርሳቸው ፈቃድ ሐኪም ያዘዘልሽን ትበያለሽ። በዚህም ከጾሙ በረከት አትጎድዪም።

ነቢዩ ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን መልአኩ ቀስቅሶ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነበር (1ኛ ነገሥት 19)። በልቶ ቢተኛም ዳግመኛ ቀሰቀሰው፤ መንገዱ ሩቅ ነበርና። አርባውን ቀን የተጓዘው ከዚያ በኋላ ነው። ያንቺም መንገድ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል። አንዳንዶች ዳንኤልን ይጠቅሱብሽ ይሆናል፤ ጥራጥሬ በልቶ ፊቱ አምሮ ታየ ይሉሻል። እውነት ነው። ነገር ግን ዳንኤል ብርቱ ወጣት ነበር፣ ፈተናውም የዐሥር ቀን ነበር፤ በማኅፀኑም ሌላ ነፍስ አልተሸከመም።

ደምሽ አንሷል የተባልሽበትን ነገር ልንገርሽ። አይረን የምንለው የብረት ማዕድን በደማችን ውስጥ አየር ከሳንባ ተቀብሎ ለመላው አካል የሚያደርሰው ክፍል ዋና ግብዓት ነው። በእርግዝና ጊዜ የእናት ደም ይበዛል፤ ፅንሱም ለራሱ ደም ከሚወስደው በላይ ከተወለደ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ያህል የሚሆነውን ስንቅ ካንቺ ያከማቻል። አንቺ ከሌለሽ እርሱም ባዶ እጁን ይወለዳል ማለት ነው። ከአይረኑ ጋር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፎሊክ አሲድም ደምን ለመሥራት ያስፈልጋል።

ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ከቅዳሴ መልስ አንድ ምእመን ቤት ገብቼ ነበር። የድሬዳዋን የዘጠኝ ሰዓት ሙቀት ታውቂዋለሽ። ቤተሰቡ ችግረኛ አይደለም፤ መሶቡ ላይ የነበረው ግን እንጀራና ቀጠን ያለ ሽሮ ብቻ ነው። ገና በልተን ሳንጨርስ ሻይ ቀረበ። ጥግ ላይ ልጅሽን የሚያህል ሕፃን ደረቅ ዳቦ በሻይ እያጠቀሰ ይበላል። ከራሱ በላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ለፋሲካ የተጠራቀመ እንቁላል ቅርጫት ሞልቷል። ያ ቅርጫት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። እናቲቱ ልጇን ጨክናበት አልነበረም፤ ጽድቅ የሠራች መስሏት ነበር። ያላስተማርናት እኛ ነን።

ሕፃን ልጅ ሆዱ ትንሽ፣ ዕድገቱ ግን ፈጣን ነው። ጎልማሳ ሰው ጥራጥሬና አትክልት እየበላ ሁዳዴን በጤና ይወጣዋል። ቢ 12 የተባለው ቫይታሚን ግን በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ ለደምና ለነርቭ ግድ ያስፈልጋል። ጤነኛ ጎልማሳ በጉበቱ ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው የጾሙ ወራት አያጎድሉበትም። ሕፃኑ ያ ክምችት የለውም። ስለዚህ ለልጅሽ እንቁላሉን ቀቅዪለት፣ ወተቱን አፍልተሽ ስጪው።

ጾመኛው ቤተሰብም ቢሆን በልቶ ነው የሚጾመው፤ የሚበላውን ይወቅበት። ለሕዝቅኤል የታዘዘው እንጀራ ስንዴና ገብስ ከባቄላና ከምስር ጋር የተቀላቀለበት ነበር (ሕዝ. 4፥9)። የመከራ እንጀራ ነው፤ ድብልቁ ግን ይደንቀኛል። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው ዘጠኝ የፕሮቲን መሠረቶች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ላይሲን በእህል ያንሳል፣ በጥራጥሬ ይበዛል። እንጀራችንና ሽሯችን፣ የሐረርጌ ማሽላና ምስር፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። ሽሮው ግን ውኃ አይሁን፤ ወፈር ይበል። ቀፊራ ገበያ ስትወርጂ ጎመንና ካሮት ያዢ፤ የካሮቱ ቫይታሚን ኤ ትንሽ ዘይት ሲነካው ይበልጥ ለሰውነት ይደርሳል። የባቢሌ ኦቾሎኒም ገንቢም ኃይል ሰጪም ነው።

ሻዩን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። በሻይና በቡና ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን አይረን ይዘው ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ለቡና አገር ሰው ቡና ተዪ አልልም፤ በእርግዝናሽ ግን ቀንሺ፣ ከማዕድም ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂው። በምትኩ ሎሚ፣ ጥሬ ቃሪያ፣ ፓፓያ ወይም በወቅቱ ዘይቱን (ጉዋቫ) ከምግብሽ ጋር ይኑር። ቫይታሚን ሲ አይረኑን ወደ ደም ያስገባዋል፤ ዘይቱን ደግሞ በዚህ ከብርቱካን በብዙ ይበልጣል።

አማትሽን አትጋፊያቸው፤ መንፈሳዊ ቅናታቸው ለቤትሽ በረከት ነው። ይህን አንብቢላቸው። ሰውን የሚያረክሰው ከልቡ የሚወጣው እንደሆነ ጌታ አስተምሯል፤ ድስት በእንቁላል ኃጢአተኛ አይሆንም። እርሳቸው እንዲያርፉ ግን ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ነገሩ በዚያ ያልቃል።

ኪኒኑን ዛሬውኑ ጀምሪው፤ ዓይነ ምድርሽ ቢጠቁር የአይረኑ ጠባይ ነውና አትደንግጪ። ሥጋ ወደሙ በምትቀበዪበት ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ዋጪው። ለቍርባን የሚጾመውን 18 ሰዓት መቻል አለመቻልሽንም የንስሐ አባትሽ ያለሽበትን አይተው ይወስኑልሽ።