ባልየው ለአማካሪዋ የነገራት ምስጢር ማስረጃ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሌላ ሴት ጋር ግንኙነት እንዳለው ከደረስኩበት አምስት ወር ሆኖኛል። ከዚያ ወዲህ አብረን የጋብቻ ምክር እንከታተላለን። ለብቻው በገባበት ቀን ግንኙነቱ ሁለት ዓመት እንደቆየ ለአማካሪዋ ነግሯታል። መፋታት እፈልጋለሁ። እሷን ምስክር ብጠራ ቤቱ ለእኔ ይወሰንልኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለመፋታት የባልዎን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጋራ ንብረት በመርህ ደረጃ እኩል ይከፈላል። ስለማገጠ ብቻ የቤቱን ድርሻ አያጣም። ፍትሕ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ፍርድ ቤቱ ለፍቺው ምክንያት የሆነውን ወገን ካሳ ሊያስከፍለው ይችላል። አመንዝራነት በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ወንጀል ነው። አቤቱታው የሚቀርበው ድርጊቱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ስለሆነ፣ ጊዜው ያለፈብዎት ይመስላል።

አሁን እኔ ልጠይቅዎት። ለብቻው ገብቶ የተናገረውን እርስዎ በምን አወቁ? ደብዳቤዎ ይህን ዘሎታል። ብዙ ደንበኞች የሚወድቁት እዚሁ ላይ ነው።

ስልኩን ከፍተው ከሆነ ወይም ድምፁን በድብቅ ቀድተው ከሆነ፣ እባክዎ ለማንም አያሳዩ፤ ለዘመድም አይላኩ። ያለፈቃድ የሰው ስልክ ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሊያስጠይቅ ይችላል። ተበዳይ ሆነው ገብተው ተከሳሽ ሆነው እንዳይወጡ እሰጋለሁ። ግን ደንግጠው አያጥፉት፤ መጀመሪያ ጠበቃ ያማክሩ።

የነገረችዎት አማካሪዋ ከሆነች ደግሞ ችግሩ የእሷም ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣት ያስቀጣል፤ ባለምስጢሩ ከፈቀደ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ ግን ሌላ ነው። ደግሞስ እርስዎ ለብቻዎ ገብተው የነገሯት የለም? እሷ ምስክር ከሆነች የባልዎም ጠበቃ ይጠይቃታል። ይህን ሳያስቡ ስሟን ምስክር ዝርዝር ውስጥ አያስገቡ።

ጥንቁቅ አማካሪ ሥራ ሳይጀምር ለየብቻ የሚነገረው ምስጢር ሆኖ ይቆይ እንደሆነ ለሁለታችሁም ይናገራል፤ በጽሑፍም ያስፈርማል። የፈረማችሁት ወረቀት ካለ ፈልገው ያግኙ። ከጋብቻ ምስክር ወረቀቱ፣ ከቤቱ ካርታና ቤቱ የተገዛበትን ጊዜ ከሚያሳይ ሰነድ ጋር ለጠበቃ ያሳዩት። ስለ ካሳም ሆነ ስለ ምስክር የሚወስኑት ከዚያ በኋላ ይሁን። እስከዚያው ንብረትን የሚመለከት ምንም ወረቀት ላይ አይፈርሙ።