መንቶቹ ቤት ገቡ፤ ብርዱስ?

በዚህ ወር የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ሁሉም ያለቀናቸው ስለተወለዱ መንቶች ይጠይቃሉ። መልሱን ያዘጋጁት በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሚሠሩ ነርሶች ናቸው፤ ክርስትናን የሚመለከተውን ከደብር አገልጋይ ካህን ጋር ተመካክረውበታል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በ33 ሳምንቷ መንታ ተገላገለች፤ ወንድና ሴት። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ቆይተው ወጡ። ወንዱ 1,900፣ ሴቷ 1,750 ግራም ናቸው። የምንኖረው ጠባሴ ነው፤ ቤታችን ይበርዳል። ማታ ከሰል አቀጣጥለን እናድራለን፣ እናቴም የመንዝ ዝተት (ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ) ደርባላቸዋለች። ግን እግራቸው ሁልጊዜ በረዶ ነው። (የመንቶች አባት፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከሰሉን ዛሬውኑ ከክፍሉ አውጡ። ጭሱ ባይታይም መርዛማው ጋዝ አለ፤ አይሸትም፣ አያስልም። በሩ በተዘጋ ክፍል ትልቅ ሰው ራሱን አሞት ይነቃ ይሆናል፤ እነሱ ግን አይነቁም። ያለቀኑ የተወለደ ሕፃን ያለ ጋዝም ቢሆን መተንፈስ እየረሳ ለሰከንዶች ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካላችሁ ከአልጋው ሁለት ሜትር አርቃችሁ ተጠቀሙ። የፈላ ውሃ የሞላ ጠርሙስ አጠገባቸው አታስቀምጡ፤ ስስ ቆዳ ቶሎ ይቃጠላል።

ዝተቱ ያልረዳበት ምክንያት ቀላል ነው። ዝተት ያለውን ሙቀት ይይዛል እንጂ ሙቀት አይፈጥርም። ከቆዳቸው ሥር ስብ ያልሞላላቸው ልጆች ደግሞ የሚያዝ ሙቀት ገና በበቂ አያመነጩም። ድንጋይ በጋቢ ቢጠቀለል ያው ድንጋይ ነው። በዚያ ላይ ለ1,750 ግራም ልጅ ዝተት ሸክም ነው፤ ፊቷ ላይ ቢንሸራተት ገፍታ አታነሳውም።

ሙቀት የሚሰጣቸው የሰው ደረት ነው። ሆስፒታል ውስጥ «ካንጋሮ» ሲሏችሁ የነበረው ይኸው ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ የሕፃናት ማሞቂያ መሣሪያ ሲያንስ የተጀመረ ዘዴ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ምክር በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ ይላል። ብዙ ቤተሰብ ሆስፒታሉን ሲለቅ ካንጋሮውንም እዚያው ትቶት ይወጣል፤ የምናየው ትልቁ ስህተት ይህ ነው።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ያደርጋል። በያዡ ባዶ ደረት ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተከፍተው ይታጠፋሉ፣ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ይዞራል፣ አገጩም ጥቂት ቀና ይላል። አገጩ ደረቱ ላይ ከተደፋ የአየር መተላለፊያው ይታጠፋል። ከዚያ በነጠላ ወይም በሚለጠጥ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ የጨርቁ የላይኛው ጠርዝ ከጆሮው ሥር ይዋል። ሆዱ ላይ ግን አታጥብቁት፤ የሚተነፍሰው በሆዱ ነው። ጋቢው ከላይ ይደረባል። ስትተኙ ጀርባችሁን በትራስ ደግፋችሁ ጋደም በሉ እንጂ በጀርባችሁ አትዘርጉ። አንዴ ደረት ላይ ካደረጋችሁት ከአንድ ሰዓት በፊት አታውርዱት፤ ማውረድና መመለሱ ራሱ ያበርደዋል።

ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፤ ግን እናትየው ትደክማለች። አንዱን አንተ ያዝ። ወንድ ልጅ አራስ ቤት ምን ይሠራል የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ የአባት ደረት ሙቀቱ ያው ነው። አያቲቱም ትችላለች። ልጁ 2,500 ግራም ገደማ ሲደርስ ራሱ እየተወራጨ አልታሰርም ይላል፤ ያኔ ይበቃዋል።

ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙና በብብት ሥር ለኩ፤ ጤናማው ከ36.5 እስከ 37.5 ነው። መሣሪያ ከሌለ ሆዱንና እግሩን በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ መብረድ ጀምሯል ማለት ነው፤ የእናንተ ልጆች ያሉት እዚህ ላይ ነው። ደረት ላይ አድርጋችሁ፣ አጥብታችሁ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ለኩ። ሆዱም ከቀዘቀዘ ወይም ሙቀቱ አልነሳ ካለ ደረት ላይ እንዳለ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ገላ ማጠቡ አያስቸኩላችሁ፤ ለጊዜው በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ፊት፣ አንገትና ብልት መጥረግ ይበቃል፣ እሱም ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ።

ጥያቄ፦ መንቶቼ አንድ ወር ሊሞላቸው ነው፤ እያንዳንዳቸው 1,800 ግራም ገደማ ናቸው። ሴቷ ሁለት ሦስቴ ስባ ትተኛለች። ሰዉ «ወተትሽ ለሁለት አይበቃም፣ በጡጦ ጨምሪ» ይለኛል። የነቢያት ጾምም እየገባ ነው፤ ልጹም? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እህታችን፣ የወተት ማነስ ሳይሆን የጉልበት ማነስ ይመስላል። የምትስበው ትንሽ ከሆነ ጡትሽ «አልተፈለግሁም» ብሎ ይቀንሳል፤ ያኔ እውነትም ወተት ያንሳል። ስለዚህ እሷ የማትስበውን አንቺ እለቢው።

ልኩን በቁጥር እንንገርሽ። በዚህ ዕድሜ በቀን በኪሎ 160 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጣል። ለ1,800 ግራም ልጅ 288 ሚሊ ይሆናል፤ በየሦስት ሰዓቱ 8 ጊዜ ቢሰጥ በአንድ ጊዜ 36 ሚሊ ነው፣ ግማሽ የቡና ሲኒ ገደማ። በ20 ሚሊ ሲሪንጅ ለክተሽ ሲኒሽ ላይ የት ድረስ እንደሚሆን አንዴ ብታዪው ከዚያ ወዲያ ዓይንሽ ይለካል። ሲኒውንና ሲሪንጁን በሳሙና አጥበሽ በፈላ ውሃ አውጪያቸው።

መጀመሪያ ጡት አስይዣት፤ ስትደክም በሲኒ ሙዪላት። በነጠላ ጠቅልለሽ ጭንሽ ላይ ቀና አድርገሽ አስቀምጫት፣ የሲኒውን አፍ የታችኛው ከንፈሯ ላይ አሳርፊ፣ ወተቱ ከንፈሯን ብቻ ይንካ። በምላሷ ትልሰዋለች። ወደ አፏ አታፍስሺ፤ ወደ ሳንባ የሚሄደው ሲፈስ ነው። እስከ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ጡጦን የማንመክረው ጫፉንና ክሩን አጥርቶ ማጠብ ስለሚያስቸግር ነው።

ለማለብ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ አውራ ጣትሽንና ሌባ ጣትሽን ከጥቁሩ ክብ ጠርዝ ላይ አድርጊ፣ ወደ ደረትሽ ገፋ አድርገሽ ጨመቅ ልቀቅ አድርጊ። ጫፉን አትጎትቺ። አንዱን ጡት አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ሌላውን፣ እያቀያየርሽ እስከ 30 ደቂቃ። በቀን 8 ጊዜ ይሁን፤ ከሌሊቱ 7 እስከ 10 ሰዓት መካከል ያለውን አንዱን አትዝለዪው፣ ወተት የሚያበዛው ሆርሞን በዚያን ሰዓት ይበረታል። የታለበው ክፍል ውስጥ ተከድኖ 4 ሰዓት ይቆያል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲኒውን አስቀምጠሽ አሙቂው እንጂ እሳት ላይ አትጣጂው። ጡቱንም በየተራ ቀያይሪላቸው፤ ደካማዋ ሁልጊዜ አንዱን ከያዘች ያ ጡት ይደርቃል።

በቂ መሆኑን የሚነግርሽ የሰው ምላስ አይደለም፤ በቀን ቢያንስ 6 ጊዜ የራሰ ዳይፐርና ሚዛን ነው። በየሳምንቱ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ በአንድ ሚዛን፣ ራቁታቸውን ይመዘኑ። በሳምንት ከ150 እስከ 200 ግራም ከጨመሩ ምንም አትጨምሪ። ካልጨመሩ የዱቄት ወተቱን ጉዳይ የሚወስነው ሐኪም ነው።

ጾሙን በተመለከተ፣ አራስ አትጾምም። ከዚያ በኋላ ያለውን ለንስሐ አባትሽ ሁለት ልጅ እንደምታጠቢና ክብደታቸውን ነግረሽ ወስኚ። ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 የጾም ምግብ ብትበዪም እንኳ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ለአንቺ አይሆንም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የአጃ አጥሚት፣ ሱፍና ተልባ ከወትሮው ሁለት ማዕድ ጨምረሽ ብዪ፣ ባጠባሽ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጪ።

ጥያቄ፦ የወንዱ 40 ቀን ጥር 6 ይሞላል፤ የሴቷ 80 ደግሞ የካቲት 16። ሁለቱን አንድ ላይ ማስጠመቅ ይቻላል? ወንዱ ገና 2 ኪሎ ነው፣ ብርዱን ፈራን። (ከአንኮበር)

መልስ፦ ቀኑ የሚቆጠረው ከተወለዱበት እንጂ ከሆስፒታል ከወጡበት አይደለም፤ ቁጥራችሁ ልክ ነው። ሥርዓቱ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ከሚለው የመጽሐፈ ኩፋሌ ቃል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሴቷን ወደ 40 ማምጣት አይጠየቅም። ወንዱን ወደ 80 ማቆየት ግን ከንስሐ አባታችሁ ጋር የምትነጋገሩበት ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚጠመቅ ልጅ አለ፤ ብትፈሩ ዝም ብላችሁ አትቅሩ፣ ክብደቱን ተናገሩ። አንዳቸው ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ከያዛቸው ግን ቀን አይጠበቅም፤ ካህን ጥሩ። ለወንዱ ክርስትና አባት፣ ለሴቷ ክርስትና እናት ማዘጋጀቱን አትርሱ።

የሚያስቸግሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው እርጥበት ነው። ልጁ ውሃ ውስጥ ሦስቴ ተነክሮ ከወጣ በኋላ ሜሮን 36 ቦታ ይቀባል፤ ያን ያህል ጊዜ ራቁቱን ነው። ከራሱ ብዙ ሙቀት ስለሚያመልጥ እንደወጣ መጀመሪያ ፀጉሩን አድርቁ። ሁለት ደረቅ ፎጣ፣ አዲስ ኮፍያና ጋቢ ከአባትየው ልብስ ውስጥ ገብተው ሲሞቁ ይቆዩ። ቅቡ እንዳለቀ ልጁ ቀጥታ ደረት ላይ ይታሰር። ውሃውን ለብ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ካህኑን በዋዜማው ጠይቁ፤ ጠዋት በር ላይ ከተጠየቀ ጊዜ የለም።

ሁለተኛው ረሀብ ነው። ከቁርባን በፊት ጡት መከልከል የተለመደ ነው፤ በየሦስት ሰዓቱ የሚጠባ የ2 ኪሎ ልጅ ግን ቅዳሴው ከረዘመ የደም ስኳሩ ይወርዳል፣ ይዝላል፣ ይበርዳል። በስንት ሰዓት እንደሚቆርብ አስቀድማችሁ እወቁና የመጨረሻውን ጡት ከዚያ ጋር አስሉት። የታለበ ወተት በሲኒ ተዘጋጅቶ ደጅ ይጠብቅ። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስለሆነች ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ሴቷን የሚስም ሰው አታስጠጉ። ድግሱን ማብዛት ካማራችሁ ለዓመቱ አቆዩት።

ጥያቄ፦ የልጄ ልጆች መንታ ናቸው፣ ትንንሽ ናቸው። ቅቤ ላቅምሳቸው ስል ነርሷ ከለከለችኝ። ጠዋት ፀሐይ ማሞቅስ? ጠበልስ? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እናታችን፣ ነርሷ ልክ ናት። ቅቤው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ሆዳቸውም አልጠናም። ቅቤውን ለእናትየው ገንፎ ያድርጉት። አብሽ፣ ስኳር በውሃና እንጥል ማስቆረጥም አይሆንም። የመሐል ሜዳ የጠዋት ፀሐይ ነፋስ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ልብስ ማስወለቁ ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ያመዝናል። በምትኩ የቫይታሚን ዲ ጠብታ በየቀኑ 400 ዩኒት ይታዘዝላቸዋል። ጠበሉን እናትየው ትጠጣላቸው፣ ለእነሱ ግንባር መቀባት ይበቃል። እጣኑና ቡናው ከእነሱ ክፍል ውጭ ይጨስ።

አንድ ነገር ይያዙልን፦ አልጠባም ካሉ፣ በደቂቃ ከ60 በላይ ከተነፈሱ፣ ደረታቸው ወደ ውስጥ ከጎደጎደ፣ መዳፋቸውና የእግራቸው ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ እትብቱ ዙሪያ ከቀላ፣ ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ እስኪነጋ አይጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የወረዳውን ቁጥር ከጤና ኤክስቴንሽኗ ተቀብለው በር ላይ ይጻፉት።

ጥያቄ፦ በ30 ሳምንት ተወልደው ኦክስጅን ላይ ነበሩ። ክትባቱ ይዘገያል? ዕድሜያቸውስ ከመቼ ይቆጠራል? (ከሞላሌ)

መልስ፦ ክትባቱ ከተወለዱበት ቀን ይቆጠራል፤ 6፣ 10 እና 14 ሳምንት፣ ኩፍኙ 9 ወር። በሆስፒታል ቆይታ ምክንያት የልደቱ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) እና ፖሊዮ እንዳልቀረ ካርዱን እዩ። መቀመጥን፣ መዳህንና መሄድን ስትጠብቁ ግን 10 ሳምንት ቀንሱ፤ በ6 ወራቸው የ4 ወር ልጅ ቢመስሉ ልክ ናቸው። የብረት ሽሮፑ በክብደት ስለሚታዘዝ ስንት ሚሊ እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ አስጽፉ፤ የጠርሙሶቹ መጠን ይለያያል። ዓይናቸውን ግን አሁኑኑ አሳዩ፦ ከ32 ሳምንት በፊት ተወልዶ ኦክስጅን የተሰጠው ልጅ የዓይኑ ውስጠኛ መጋረጃ ደም ሥር ሊበላሽ ይችላል፣ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ምርመራውም በተወለዱ በ4ኛው ሳምንት ገደማ መሆን አለበት። ሪፈር ወረቀቱን ከተወለዱበት ሆስፒታል ጠይቁ።