«አዎ» የተባለው ለክትባቱ ነው ወይስ ለጠያቂው?

ጥያቄ፦ በአንድ የክልል ከተማ ጤና ጣቢያ የምሠራ የጤና መኮንን ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬ አዋቂዎች የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለመከተብ ምን ያህል ፈቃደኛ እንደሆኑ፣ ስንትስ ሊከፍሉ እንደሚችሉ እያጠናሁ ነው። በቅድመ ሙከራው «500 ብር ይከፍላሉ?» ስንል እንቢ የሚል ጠፋ። «እስከ ስንትስ?» ስንላቸውም መልሱ ከ500 ብዙም አይርቅም። መጠይቁ ምን ጎደለው?

መልስ፦ ቁጥሩን ቀድመው የጠሩት እርስዎ ነዎት። የክትባቱን ዋጋ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የሰማውን ቁጥር እንደ ትክክለኛ ዋጋ ይይዘዋል፤ ገበያ ላይም ክርክሩ የሚዞረው ሻጩ በጠራው ዙሪያ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ይሉኝታ ነው። ነጭ ጋውን ለብሶ ደጅ ድረስ ለመጣ ባለሙያ «አልከፍልም» ማለት ያሳፍራል። ስለዚህ የሚጠይቀው ሰው በዚያው ቀበሌ የሚከትብ ባለሙያ አይሁን፤ ጋውንም አይልበስ።

ከዋጋ በፊት ክትባቱን በደንብ ያስረዱ። ክንድ ላይ የሚሰጥ ሦስት ዶዝ ነው፦ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በአንድ ወር፣ ሦስተኛው በስድስት ወር። ቫይረሱ ቀድሞ የያዘውን ሰው አያድንም፤ ስለዚህ አስቀድሞ የደም ምርመራ ቢደረግ ይመረጣል። 500 ብሩ ለአንዱ መርፌ ነው ወይስ ለሦስቱ? ምርመራውስ ይጨመራል? ይህ ካልተነገረ አንዱ መላሽ 500፣ ሌላው 1,500 ብር እያሰበ ሁለቱም «አዎ» ይላሉ።

ቀጥሎ «በነፃ ቢሰጥ ይከተባሉ?» ብለው ይጠይቁ። እንቢ ያለውን ሰው ዋጋ አይጠይቁት፤ ምክንያቱን ይመዝግቡ። ክትባቱን የፈራና ገንዘብ ያጠረው ሰው አንድ ላይ ከተቆጠሩ ጥናቱ ለማንም አይጠቅምም።

አሁን ወደ ዋጋው። በመጀመሪያ ከ30 እስከ 50 ሰው ቁጥር ሳይጠሩለት ይጠይቁ። ከመልሶቹ አራት ወይም አምስት መነሻ ዋጋ ያውጡ፤ ለምሳሌ ለሦስቱ ዶዝ 200፣ 400፣ 800 እና 1,600 ብር። ትንሹን ሁሉም ማለት ይቻላል የሚቀበለው፣ ትልቁን ደግሞ ከጥቂቶች በቀር የማይደፍረው መሆን አለበት። ለእያንዳንዱ መጠይቅ መነሻውን በዕጣ አውጥተው፣ ገና ቢሮ ውስጥ ሳሉ ጽፈው ይጨርሱ። ምርጫው ለጠያቂው ከተተወ ደህና ቤት ሲያይ ትልቁን፣ ጎጆ ሲያይ ትንሹን ይጠራል። መላሹ «አዎ» ካለ ዋጋውን እጥፍ፣ «አይ» ካለ ግማሽ አድርገው አንዴ ብቻ ይድገሙ። 400ን ተቀብሎ 800ን እንቢ ያለ ሰው አቅሙ በሁለቱ መካከል ነው።

ከመነሻው ዋጋ በፊት ይህን ቃል በቃል ያንብቡ፦ «በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ብዙ ሰው ገንዘቡን በእርግጥ ከሚያወጣው በላይ ይናገራል። ይህን ከከፈሉ ለቤት ኪራይ፣ ለዕቁብ፣ ለልጆች ትምህርት የሚቀረው እንደሚቀንስ ያስቡ። አልከፍልም ቢሉ ማንም አይቀየምም።» ጊዜ ካለ መላሹ አንድ ሌሊት አስቦ፣ ከቤተሰቡ ተማክሮ በማግስቱ ይመልስ። ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ይበልጥ የሚታመነው ግን እሱ ነው።

«ምንም አልከፍልም» የሚሉትን በተለይ ይጠንቀቁ። በሀገራችን የሕፃናት መደበኛ ክትባት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ ክትባቱ በነፃ ሲሰጥ ስለኖረ «መንግሥት ይክፈል እንጂ እኔ ለምን?» የሚል መልስ ቢበዛ አያስገርምም። ይህ ተቃውሞ ነው፤ «የለኝም» ከሚለው ዜሮ ይለያል። «ለምን?» ብለው የመላሹን ቃል እንዳለ ይጻፉ፤ ሁለቱንም ዜሮዎች ለየብቻ ይቁጠሩ።

በውጤቱ ላይ አማካዩን ብቻ አያስቀምጡ፤ ጥቂት ባለጸጎች ወደ ላይ ይጎትቱታል። መካከለኛውን ዋጋ (ግማሹ መላሽ ከእሱ በታች፣ ግማሹ ከእሱ በላይ የሚሰጥበትን) እና በየዋጋው ስንት ከመቶው እንደተቀበለ በሰንጠረዥ ያሳዩ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትግራይ ውስጥ ገና ላልነበረ የወባ ክትባት በተደረገ ጥናት ቤተሰቦች መላውን ቤተሰብ ለማስከተብ በዓመት በአማካይ ወደ 36 ዶላር የሚጠጋ ዋጋ ሰጥተው ነበር። ይህም ከገቢያቸው 15 በመቶ ገደማ፣ ሕመሙ ከሚያስወጣቸው ወጪ ደግሞ እጥፍ ያህል ነው። አጥኚዎቹ ግን ያለ ድጎማ ክትባቱን ብዙ ሰው ዘንድ ማድረስ እንደሚያስቸግር ደምድመዋል። በአማካዩ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ዋጋ ቢተመን በየዋጋው እየተንጠባጠቡ የቀሩት ሰዎች አይታዩም ነበር። የእርስዎም ሰንጠረዥ እነሱን በገቢ ከፋፍሎ ያሳይ።